ዳዊት ደጋሚና ክፍል ደጋሚ

(በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት የተስተካከለ)

ሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ በዚህ ሰዓት ስለ ፈተና ለመስማት መምጣታችሁን በቀላሉ አላየውም። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ወስደው ያሰቡት ውጤት ስላልመጣላቸውና እንደገና ለመቀመጥ ስለሚያስቡ ሰዎች እንድናገር ጠየቁኝ። እሺ ለማለት ጊዜ አልወሰደብኝም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ብዙ ተፈታኞችን አግዣለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ በራሴ ደርሷል።

ዛሬ የምፈልገው "መድገም" የሚለውን ቃል ከተጣበቀበት ኀፍረት አላቅቀን፣ መድገም ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን እንድናይ ነው። አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት እላለሁ። ቀጥዬ በወረቀት ላይ የሚመጣው ቁጥር ምን እንደሚነግረን፣ ከዚያ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በምን ሊለይ እንደሚገባ እናገራለሁ። ይህ ረዘም ይላል። በመጨረሻ ጨርሶ መድገም ስለማያስፈልግበት ጊዜ አነሣለሁ። ምሳሌዬን የምወስደው ከጂአርኢ ነው፤ አሜሪካ ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚያመለክቱ ብዙ ልጆቻችን የሚፈተኑት እሱን ስለሆነና እኔም የተፈተንኩት እሱን ስለሆነ። እዚሁ አገራችን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የምትወስዱም ከምናገረው ብዙውን ወደ ራሳችሁ ልታመጡት ትችላላችሁ።

ቋንቋችን "ደገመ" ለሚለው ግሥ ሦስት ቤት ሠርቶለታል። አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሥተው፣ ኩራዙን አብርተው ይደግማሉ፤ በሰፈሩ "ዳዊት የደገመ ሰው" ሲባል ክብር ነበር። እኔ ደግሞ በተማርኩበት ትምህርት ቤት "ደጋሚ" ማለት የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ከታናናሾቹ ጋር የሚማር፣ ስሙ ሲጠራ ክፍሉ ዞሮ የሚያየው ልጅ ነበር። ያው አንድ ግሥ፣ አንዱን ሰው ከፍ አድርጎ ሌላውን ዝቅ ያደርገዋል። ሦስተኛው ቤት ድግምት ነው፤ ቃሉን እየደጋገሙ በመድገሙ ብቻ አንድ ኀይል ይመጣል ብሎ መጠበቅ።

ልዩነቱን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ያንኑ የዳዊት ገጽ ብዙ ጊዜ ይመለስበታል፤ ግን በአንድ ዐይነት መንገድ አይመለስበትም። መጀመሪያ በግእዝ ንባብ እያዘገመ ያነባል፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፤ ከዚያ በቁም ንባብ እያጠራ። ገጹ አንድ ነው፤ አነባበቡ ይለያያል። መምህሩ ልጁን የሚመልሰው የጎደለውን ሰምቶ ነው። ክፍል የሚደግመው ልጅ ግን ምን እንደጎደለው ማንም ሳይነግረው ያንኑ ዓመት ዳግም ይኖረዋል። ኀፍረቱም ድካሙም ከዚያ የሚመጣ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ኀፍረቱ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው። እኛ ሀገር ፈተና ለብዙ ዘመን አንድ በር ነበር። የድሮው ማትሪክ የስንቱን ሰው ዕድሜ ለሁለት እንደከፈለው እዚህ የተቀመጣችሁ ታላላቆቼ ታውቃላችሁ፤ በግል ተመዝግቦ ዳግም የሚፈተን ነበረ፣ ግን ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚመልሰው። በቅርቡም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከየ100 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 4 እንኳ አልሞሉም። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያይ፣ ቁጥሩ ስለ ማንነቱ የተነገረ ፍርድ ይመስለዋል። ጂአርኢን ያሰናዱት ሰዎች ግን ድጋሚውን በደንባቸው ውስጥ አስቀምጠውታል፦ አንድ ሰው በ21 ቀን ልዩነት፣ በየትኛውም ተከታታይ 12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ መቀመጥ ይችላል። እኛ የአንድ በር ፈተና ልብ ይዘን፣ ብዙ ጊዜ ሊከፈት ወደተሠራ በር ነው የምንሄደው።

ወደ ራሴ ታሪክ ልምጣ፤ የሚቀጥለው ክፍል ያለ እሱ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈተንኩ። ክፍያውን የከፈለችልኝ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቴ ናት። ፈተናው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ ተፈታኞች ኳንት የምንለው ሒሳቡና ቨርባል የምንለው ቋንቋው። ሁለቱም ከ130 እስከ 170 ይሰጣሉ፤ ድርሰቱ ለብቻው ከ0 እስከ 6 ይታረማል። ሒሳብ ተመርቄ፣ ሒሳብ እያስተማርኩ፣ በኳንት 153 አመጣሁ። በቨርባል 144። የሁለቱ ክፍሎች ውጤት ድርሰቱ ሳይታረም፣ ፈተናው እንዳለቀ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይታያል። አየሁት። ወጥቼ ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ።

እህቴ ስትደውል "ውጤቱ ገና አልመጣም" አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ እንዲያ አልኳት። ከደመወዟ ቆጥባ የላከችውን ገንዘብ እያሰብኩ፣ እያንዳንዱ ስልክ ይከብደኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ እሑድ አልቻልኩምና ነገርኳት። ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። ዝም ብላ ሰማችኝና "እሺ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትከው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ወር ቁጥሩን ስደብቅ፣ ከራሴም ደብቄው ኖሮ፣ አንድም ቀን የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አልጠየቅሁም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ተረት ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም ግፊት ስትለኩና ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ነርሷ "ትንሽ ዐረፍ ይበሉና እንደገና እንለካለን" ትላለች። መሣሪያው ተበላሽቷል ማለቷ አይደለም፤ ደረጃ ወጥታችሁ፣ ቸኩላችሁ፣ ፈርታችሁ ሊሆን ይችላል። የፈተና ውጤትም እንዲሁ ልክ ነው፤ ልክ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፈታኞቹ ራሳቸው ይህን መወዛወዝ አስልተው ያወጡታል፤ በጂአርኢ በእያንዳንዱ ክፍል ወደ 2 ነጥብ ግድም ነው። ስለዚህ 152 ያመጣ ሰው ውጤቱን ከ150 እስከ 154 ባለ ሰፈር እንዳለ አድርጎ ቢያነበው ይሻላል። ዳግም ተፈትኖ 154 ቢያመጣ ብዙ አልተለወጠም፤ 150 ቢያመጣም አልደነቆረም። በ1 እና በ2 ነጥብ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ልጆች ይህን ቀድመው ቢሰሙ ኖሮ እላለሁ።

እዚህ ላይ ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመውን ነገር ማንሣት ይጠቅመናል። የወላጆችንና የልጆችን ቁመት መዝግቦ ሲያነጻጽር፣ እጅግ ረጃጅም ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው እንደሚያጥሩ፣ እጅግ አጫጭሮቹ የሚወልዷቸው ደግሞ በአማካይ ከወላጆቻቸው እንደሚረዝሙ አገኘ። ከዳር የወጣ ልክ ወደ መካከሉ ይመለሳል። ወደ ፈተና ስናመጣው፣ በመጥፎ ቀን ከራሱ አቅም በታች የወደቀ ሰው ሁለተኛ ሲቀመጥ፣ አንድ ገጽ ሳያነብ እንኳ ከፍ የማለት ዕድል አለው። "እኛ ዘንድ ያጠኑ ደጋሚዎች በሙሉ ጨመሩ" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን አስቡ፤ ከጭማሪው አንዱ ክፍል ያለ ማንም እርዳታ የሚመጣ ነበር። በአንጻሩ ያገኘው ቁጥር የራሱ ትክክለኛ ልክ የሆነ ሰው፣ ምንም ሳይለውጥ 5 ጊዜ ቢቀመጥ 5 ጊዜ እዚያው አካባቢ ያርፋል። ድግምት ያልኩት ይህን ነው።

የትኛው ሰው እንደሆናችሁ በምን ታውቃላችሁ? ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ የሚባሉ ሁለት የመለማመጃ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣል። ከዋናው ፈተና በፊት በሰዓት ታጥራችሁ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ ሳታቋርጡ ሠርታችኋቸው ከሆነ ቁጥሩን ከዋናው ጋር አስተያዩት። በልምምድ 158 እና 159 እያመጣችሁ በዋናው 151 ከሆነ፣ ችግሩ ያለው በዚያ ቀን ነው፤ ሕመም፣ እንቅልፍ፣ ድንጋጤ፣ ወይም የሰዓት አያያዝ። እንዲህ ያለው ሰው 21 ቀኑ እንዳለፈ ቶሎ ቢቀመጥ እመክራለሁ። በልምምድም 151 ከነበረ ግን ቀኑን አትውቀሱት። የሚያስፈልጋችሁ ወራት ነው። ልምምዱን ጨርሶ ያልሠራ ሰው ደግሞ ዳግም ከመመዝገቡ በፊት ተቀምጦ ይሥራው፤ ገንዘቡን ከፍሎ ማወቅ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በምን ይለይ?

ከእህቴ ጋር ከተነጋገርን በኋላ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ለፈተናው የሚሆኑ የሒሳብና የቋንቋ ጥያቄዎችን ከሥር መሥራት ጀመርኩ፣ የተሳሳትኩትን እያንዳንዱን ጥያቄ በደብተሩ ላይ ጻፍኩ፣ ከጎኑ ለምን እንደተሳሳትኩ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። "ችኮላ" ብሎ መጻፍን ለራሴ ከለከልኩ፤ ችኮላ ምክንያት መስሎ ይቀመጣል እንጂ ምንም አይናገርም። ደብተሩ ወደ ግማሽ ሲደርስ ወደ ኋላ አገላበጥኩት። የጠበቅሁት ጂኦሜትሪ እንደረሳሁ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው።

በፈተናው ውስጥ ሁለት መጠኖችን አስቀምጦ የትኛው እንደሚበልጥ የሚጠይቅ የጥያቄ ዐይነት አለ። ለምሳሌ በአንድ በኩል ኤክስ፣ በሌላ በኩል ኤክስ በራሱ ተባዝቶ። የትኛው ይበልጣል? ብዙ ሰው ቶሎ የተባዛው ይበልጣል ይላል። 3 ብናስገባ 9 ይሆናል፤ ልክ ነው። ግማሽ ብናስገባ ግን ሩብ ይሆናል፤ አነሰ። 1 ብናስገባ እኩል ሆኑ። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ "ከተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም" የሚለው ነው። እኔ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ስቼ ነበር፤ ሒሳቡን ስለማላውቅ አልነበረም። በትምህርት ዘመኔ ሁሉ የተሰጠኝ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ "መወሰን አይቻልም" ብዬ ነጥብ ያገኘሁበትን ቀን አላስታውስም። ፈተናው የሚለካው አንዱ ነገር፣ ሰው የማያውቀውን ከሚያውቀው መለየቱን ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ዜሮን፣ አንድን፣ ክፍልፋይንና ኔጌቲቭን የማስገባት ልማድ ያዝኩ። ከሁለተኛው ውጤቴ ጭማሪ ትልቁን ድርሻ የሰጠሁት ለዚህች ልማድ ነው።

በቨርባልም ተመሳሳይ ነገር ነበር። እንግሊዝኛ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ የቃላት ዝርዝር ይዘን እንሸመድዳለን። ዝርዝሩ አያስጠላም፤ ግን ፈተናው የሚይዘን ብዙ ጊዜ በምናውቀው ቃል ነው። ሳንክሽን የሚለውን ቃል ዜና የሚሰማ ሁሉ ማዕቀብ ብሎ ያውቀዋል። በፈተናው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ቃሉ ፈቃድ መስጠት፣ ማጽደቅ ሆኖ ይመጣል፤ ተቃራኒ ማለት ይቻላል። ደብተሬ ላይ ከተመዘገቡት የቋንቋ ስሕተቶች አብዛኛዎቹ የማላውቃቸው ቃላት አልነበሩም፤ አንዱን ትርጉማቸውን ብቻ የማውቃቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቃልን ለብቻው መያዝ ትቼ ከነዐረፍተ ነገሩ መያዝ ጀመርኩ።

ስለ መሸምደድ ካነሣሁ አይቀር፣ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ሙከራ ልንገራችሁ። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ገሚሶቹ ደግመው አነበቡት፤ ገሚሶቹ ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። የሚያሳዝነው፣ ደጋግሞ ማንበብ ደስ ይላል፤ ገጹ ስለሚታወቅ ያወቅን ይመስለናል። ዘግቶ መጻፍ ያማል፣ ምክንያቱም የጎደለውን ያሳያል። ብዙ ደጋሚ ያንኑ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ያነባል፣ ያሰመረበትን እንደገና ያሰምራል፤ ወሩ ያልቃል። መጽሐፉ ይዘጋ፤ ባዶ ወረቀት ይምጣ።

የሰዓቱም ነገር አለ። ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈተናው ከ3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ግድም ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ አጥሯል። ኳንት በሁለት ዙር ይመጣል፤ መጀመሪያ 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ። ለአንድ ጥያቄ 1 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ግድም ማለት ነው። የሁለተኛው ዙር ክብደት በመጀመሪያው ዙር ውጤታችሁ ይወሰናል፤ የመጀመሪያውን ያበላሸ ሰው ቀለል ያለ ሁለተኛ ዙር ይመጣለታል፣ የሚደርስበትም ከፍታ በዚያው ልክ ይገደባል። እኔ በመጀመሪያ ፈተናዬ አንድ ጥያቄ ላይ 6 ደቂቃ ያህል ቆየሁ፤ የሒሳብ አስተማሪ ጥያቄ ጥሎ አይሄድም ብዬ። ሦስት ጥያቄዎች ሳልደርስባቸው ሰዓቱ አለቀ። በስሕተት መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ ከመተው አንዱን ነክቶ ማለፍ ይሻል ነበር። አስቸጋሪውን ምልክት አድርጎ አልፎ መመለስን መለማመድ አለብን፤ እኛ ጥያቄን በተራ ለመሥራት የሠለጠንን ሰዎች ነንና በአንድ ቀን አይመጣም።

እኔም ደብተሩን ከጀመርኩ በአራት ወር ከግማሽ ዳግም ተቀመጥኩ። ኳንት 163፣ ቨርባል 149። ቨርባሉ አላኮራኝም፤ ለምፈልገው የትምህርት ክፍል ግን በቂ ነበር።

"በቂ ነበር" ማለቴ ወደ መጨረሻው ክፍል ያሻግረኛል፤ መድገም የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያ ቁጥሩ በማን ፊት እንደሚቆም ማየት ያስፈልጋል። በቨርባል 160 ያመጣ ሰው ከተፈታኞቹ ከአምስት አራቱን ይበልጣል፤ በኳንት ያው 160 የሚያስበልጠው ግማሽ ያህሉን ነው። ታሪክ ለማጥናት የሚያመለክት ልጅ በኳንት 148 አምጥቶ ሲደግም አይቻለሁ። ያ ጊዜ ከማመልከቻው ጋር በሚያያይዘው ናሙና ጽሑፍ ላይ ቢውል ምንኛ በጠቀመው! ሁለተኛ፣ ፈተናውን ጨርሶ የማይጠይቁ የትምህርት ክፍሎች በዝተዋል። ኬሲ ሚለርና ኪቫን ስታሰን የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ፣ ውጤቱ ለዶክትሬት ስኬት ደካማ ጠቋሚ መሆኑንና ሴቶችንና ጥቁሮችን እንደሚጎዳ ጽፈው ከተከራከሩ በኋላ ክርክሩ ሰፍቷል። ኢቲኤስ ራሱ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ መቁረጫ ነጥብ ብቻ ሰው እንዳይጥሉ ይመክራል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የምታመለክቱበትን የትምህርት ክፍል ገጽ አንብቡ፤ ግልጽ ካልሆነ ጸሐፊዋን ጠይቁ። አጭር ደብዳቤ ነው፤ ይመልሳሉ።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። አንድ ፈተና 220 ዶላር ነው፤ በብር ካርድ የማይከፈል፣ ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ የሚለመንበት። ይህን ገንዘብ የሚልኩትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ሰዓት ሳይቆጥሩ የቆሙበት፣ ልጃቸውን ለእናታቸው ትተው የሠሩበት ገንዘብ ነው፤ በድግምት ሊወጣ አይገባውም። የማመልከቻ ቀኖቹ በአብዛኛው በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ስለሚዘጉ፣ ውጤቱም በ8 እና በ10 ቀን መካከል ስለሚደርስ፣ የመጀመሪያውን ፈተና ጥቅምት ሳይመጣ መውሰድ ለድጋሚው ቦታ ያስተርፋል። ደግሞም የትኛውን ውጤት እንደምትልኩ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ያልላካችሁት ፈተና ዩኒቨርሲቲው በሚደርሰው ወረቀት ላይ አይታይም። ያን ሁሉ ወር ከእህቴ የደበቅሁትን ቁጥር ለማየት የሚችል ሰው፣ እኔ ካላሳየሁት በቀር፣ አልነበረም።

አዳራሹ የሚዘጋው 2 ሰዓት ላይ ነው ተብያለሁ፤ ከ40 ደቂቃ በላይ አለን። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ ይዞርላችኋል። የፈተና ወረቀታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ፣ ቁጥራችሁ ምንም ይሁን፣ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። ባዶ ደብተሮች አምጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ስሕተት አብረን እንጽፋለን።